ውርጭ ስጠብቅ ውኃ የበላብኝ ጓሮ

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። በኛ ቤት የጓሮ ሥራ ሲባል ከብርድ ጋር መታገል ነበር። ጥቅምት ሲገባ እናቴ አመሻሽ ላይ ወጥታ ሰማዩን ታያለች። ደመና ከሌለና ነፋሱ ጭጭ ካለ "ዛሬ ውርጭ ይጥላል" ትላለች። ከዚያ ጭዱንም፣ የማዳበሪያ ከረጢቱንም፣ አሮጌ ጋቢዋንም ሳይቀር ተሸክመን ድንቹንና ባቄላውን ልናለብስ እንወጣለን። ሳይለብስ ያደረ ድንች ጠዋት ሲያዩት ጠቁሮና ተልፈስፍሶ የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስላል። ዝናቡም አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወርዶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በባልዲ ነው።

በ2009 ዓ.ም. አግብቼ ጅማ ስመጣ ይህን ሁሉ ልምድ ይዤ መጣሁ። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ መጀመሪያ ያደረግሁት ማስላት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ጅማ 1,750 ግድም። አንድ ሺህ ሜትር በወረድን ቁጥር አየሩ በስድስት ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ውርጭ የለም፣ ውኃ ሞልቷል፤ እንግዲህ የተተከለ ሁሉ ይበቅላል አልኩ። ባለቤቴ የወላጆቹን ግቢ ጓሮ፣ 80 ካሬ ሜትር የምትሆን ወደ አዌቱ ወንዝ የምታዘቀዝቅ መሬት፣ "ያው ያንቺ ናት" ብሎ ሰጠኝ።

ሰኔ ላይ ስቆፍር አማቴ በረንዳው ላይ ሆነው አዩኝ።

"ምን ልትተክይ ነው?"

"ድንች።"

"በሰኔ?" ብለው ዝም አሉ። ቆየት ብለው ግን "ልጄ፣ እዚህ ክረምቱ የጎደሬ ነው" አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ደጋ ላደግሁት ለኔ ጎደሬ ምግብ አልነበረም። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ድንቹ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ጉድ አሰኘ። ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ወፍራም፤ ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ቅጠሉ ጫፍ ላይ ውኃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጥብ አየሁ። ገልብጬ ሳየው ነጭ ሻጋታ ነገር አለው። በአሥር ቀን ውስጥ መደቡ በሙሉ ጠቁሮ ተኛ፤ ልክ ያ የልጅነቴ ውርጭ መትቶት ያደረ ድንች። በጅማ፣ በሞቃቱ አገር!

ሰፈሩ "ምች መታው" አለ። ባለሙያዎቹ ሌት ብላይት ይሉታል፤ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1840ዎቹ አየርላንድን ያስራበው በሽታ ይኸው ነው። ደብረ ብርሃንም አለ፣ አዲስ ነገር አይደለም። በሽታው የሚፈልገው ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ እንዲቆይለት ነው፤ በጅማ ክረምት ደግሞ ቅጠል መቼ ይደርቃል? ሌሊት ዘንቦ፣ ጠዋት ጉም ተኝቶ፣ ከሰዓት እንደገና ይዘንባል። ከሥሩ ቆፍሬ ያወጣኋትን ድንች ለአንድ ጊዜ ወጥ ሠራንባት። አማቴ ምንም አላሉም። ሲበሉም ምንም አላሉም፣ እሱ ነው የባሰው።

ያኔ እንደገና እርሳስ አነሳሁ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ይህ ማለት በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,500 ሊትር ነው። ለኔ 80 ካሬ ሲባዛ 120,000 ሊትር፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 600 በርሜል! ከላይ ካለው ግቢ የሚወርደው ሳይቆጠር። እኔ ደግሞ እንዳደግሁበት ውኃ እንዳያመልጥ ብዬ መደቡን ጎድጎድ አድርጌ፣ ዙሪያውን አፈር ከትሬ ነበር የተከልኩት። በገዛ እጄ ገንዳ ሠርቼ ድንች ዘፈቅሁበት ማለት ነው።

መላው የመጣልኝ ከዚያው ከሰሜን ሸዋ መሆኑ አሁንም ያስቀኛል። አክስቴ የተዳረችው እነዋሪ ነው። እዚያ መሬቱ ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ሴቱም ልጁም ወጥቶ ማሳውን በእጁ ሰፋ ሰፋ ባለ መደብ ከፍ ያደርጋል፣ በመሃል ቦይ ይተዋል፤ ውኃው በቦዩ ይሄዳል፣ እህሉ መደቡ ላይ በደረቅ ይቆማል። ልጅ ሆኜ ለበዓል ስንሄድ አይቼዋለሁ። የአክስቴን ማሳ አስታውሼ ጓሮዬን በዚያ ልክ ቆረጥኩት፤ መደቡ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር፣ በመሃል አካፋ የሚያስገባ ቦይ። ቦዮቹ ቁልቁል ቀጥ ብለው ቢወርዱ አፈሩን ይዘው ስለሚሄዱ ትንሽ አግድም አስተኛኋቸው፤ ሁሉም ታችኛው ጥግ ላይ ይገናኛሉ። ያ ጥግ ክረምቱን ሙሉ ረግረግ ነው። እዚያ ምን ይተከል?

ጎደሬ። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ሄጄ የሚተከል ጎደሬ ገዛሁ። አማቴ ሲያዩኝ ፈገግ አሉ፤ "አሁን ገባሽ" የሚል ፈገግታ ነው። መጋቢት ላይ የተተከለው፣ ውኃ በተኛበት ቦታ ቆሞ፣ ኅዳር ላይ አምስት የማዳበሪያ ከረጢት ግማሽ ግማሽ ሞላልኝ። አንድ ነገር ግን ለማያውቀው ልንገር፦ ጎደሬ ጥሬውን ሲልጡት እጅ ያሳክካል፣ ያልበሰለው ደግሞ ጉሮሮ ይቧጥጣል። እጅን ዘይት መቀባት፣ በደንብ መቀቀል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን እንደ ድንች ቶሎ አውጥቼው እንግዳ ፊት አፍሬያለሁ።

ቦዩ ውኃውን አስወጣልኝ እንጂ አፈሩን አላዳነልኝም። በሁለተኛው ዓመት ቀይ ሥር ዘራሁ፤ በሦስት ወሩ ስነቅለው አውራ ጣቴን አያክልም። ቆስጣው ቢጫ ሆኖ ቆመ። ጥፋቱን ሁሉ በሌላ ስሕተቴ አመካኘሁ፤ እሱም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ጅማ የቡና አገር ነውና ከቡና መፈልፈያ ገለፈት በነጻ ይሰጣሉ። ደስ ብሎኝ አንድ ጋሪ አስመጥቼ ጥሬውን መደቡ ላይ አለበስኩት። ገለፈቱ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ እየሳበ ለራሱ ይወስዳል፤ ጎመኑ ተራበ። አሁን ገለፈቱን ከከብት እበትና ከአረም ጋር ደራርቤ፣ በየሦስት ሳምንቱ እያገላበጥኩ፣ አራት ወር ካልሆነው አልነካውም። ሲበስል ሽታው የጫካ አፈር ነው።

እበትን ካነሳሁ አይቀር፦ እናቴ እበት ጓሮ ላይ መጣል ብታይ ታለቅሳለች። ደብረ ብርሃን እንጨት ስለሌለ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ጅማ ማገዶ ስላለ እበቱ ለአፈሩ ይተርፋል። አገሩ ለምለም የሆነው በዝናቡ ብቻ አይመስለኝም።

የቀይ ሥሩ ነገር ግን በኮምፖስትም አልተሻለም። አፈር ላብራቶሪ የሚሠራ የባለቤቴ ጓደኛ ከአምስት ቦታ ቀላቅለን የላክንለትን አፈር ለካልን፤ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ሲወርድ አፈሩ ይኮመጥጣል) 5.1። ዝናብ የበዛበት ቀይ አፈር ካልሲየሙ ታጥቦ ስለሚሄድ ኮምጣጣ ይሆናል። ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥር ያቃጥላል፣ ፎስፈረሱም አፈሩ ውስጥ ቢኖር ተቆልፎበት ተክሉ አያገኘውም። ስለዚህ ማዳበሪያ ብጨምርም ለአፈሩ መስጠቴ እንጂ ለተክሉ አልነበረም። ለኔ አፈር የታዘዘልኝ በካሬ ሜትር 300 ግራም ያህል የእርሻ ኖራ ነበር፤ ከመትከሌ ከሁለት ወር በፊት በትኜ ከአፈሩ ጋር አዋሃድኩት። መጠኑ እንደ አፈሩ ይለያያል፤ ሳያስለኩ በግምት መበተን አይገባም። ለቤት ቀለም የሚሸጠው የተቃጠለ ኖራም ሌላ ነው፣ ተክል ይፈጃል።

ሁሉም ተክል ኖራ ይፈልጋል ማለት አይደለም። ለቀይ ሥር፣ ለቆስጣ፣ ለሽንኩርት፣ ለጥቅል ጎመን አደረግሁ። ለጎደሬው፣ ለስኳር ድንቹና ለቡናው ምንም፤ እነሱ በኮምጣጣው ይኖሩበታል። ድንቹ ደግሞ ኖራ ሲያገኝ ቆዳው ቅርፊት ያወጣል። ከምድጃ የሚወጣውን አመድም እንደ ኖራው እጠቀምበታለሁ፤ ከእበት ጋር ባንድ ቀን ግን አልቀላቅለውም፣ የእበቱ ናይትሮጅን ሽታ ሆኖ ይበናልና።

ሦስተኛው ትምህርቴ የቀን መቁጠሪያው ነው። ከሁሉም በላይ የከበደኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም "ዝናብ ሲመጣ ይዘራል" የሚለውን ከአእምሮ ማውጣት ቀላል አይደለም። አሁን የኔ የአትክልት ዓመት የሚጀምረው መስቀል ሲያልፍ ነው። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ብቻ ቀደም ብዬ በመስከረም መጀመሪያ በላስቲክ ጥላ ሥር አፈላለሁ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ጥቅምት ላይ መደብ ላይ አወጣቸዋለሁ። ድንቹም ያኔ ነው፤ ጉደኔ የሚባለውን ዘር ነው የምተክለው፣ በጥር ይወጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከጉድጓድ ውኃ እያወጣሁ አጠጣለሁ፤ ሥሩን ብቻ፣ ቅጠሉን አላረጥብም። ጉዝጓዝ የማደርገውም በነዚህ ወራት ብቻ ነው። በክረምት ሣር ካነጠፍኩ ሌሊት ቀንድ አውጣው ከሥሩ ወጥቶ ሰላጣውን ወንፊት ያደርገዋል።

ክረምቱን ለማን ተውኩት? ለጎደሬው፣ ለሐበሻ ጎመኑ፣ ለሙዙ፣ ወጥ ቤት ጀርባ ላሉት እንሰቶች። የሐበሻ ጎመን ብርድ ሳያይ አብቦ ዘር ስለሚሰጠኝ ዘር ገዝቼ አላውቅም፤ ጥቅል ጎመን ግን እዚህ አያብብልኝም፣ በየዓመቱ ዘሩን መግዛት ነው። ከአጥሩ ሥር ቡና አለ፣ 74110 የሚባለው ዘር። ቁጥሩ ሲገርመኝ ጠይቄ ነው፣ 74ቱ በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መመረጡን ያሳያል አሉኝ፤ የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ በታየ በሦስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ከቡናው ጥላ ሥር ኮረሪማ ተክያለሁ፤ ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ ቀይ ፍሬውን እየሰጠኝ ነው።

አቮካዶ ሁለቴ ነው የተከልኩት። የመጀመሪያውን፣ ግራፍት የተደረገ (ቅርንጫፉ ከሌላ ግንድ ላይ የተጋጠመ) ውድ ችግኝ፣ ከጎደሬው አጠገብ አደረግሁትና በአንድ ክረምት ሥሩ በሰበሰ። ሁለተኛውን ከላይ፣ ጉልበቴን የሚያክል ጉብታ ሠርቼ ተከልኩት፤ በአራተኛው ዓመት አፈራ።

ያላሸነፍኳቸው አሉ። ፍልፈል በመሬት ውስጥ መጥቶ ጎደሬውን ከሥሩ ይጎትታል፤ ጠዋት አንድ ተክል ሲንጋደድ ካየሁ አበቃ። ወጥመድም፣ ጭስም ሞክሬያለሁ፣ ውጤቱ አንድ ለእሱ አንድ ለኔ ነው። ጦጣ በበኩሉ ፓፓያው መቼ እንደሚበስል ከኔ በፊት ያውቃል። አሁን ፓፓያን ገና ቢጫ ሲጀምር ቆርጬ ቤት ነው የማበስለው።

ነጭ ሽንኩርትን ደግሞ ሦስት ዓመት ሞክሬ ተውኩት። ነጭ ሽንኩርት ጥሩ አድርጎ ጥርስ ለማውጣት ብርድ ይፈልጋል፤ እዚህ ቅጠሉ ያምርና ከሥሩ የምስር ያህል ይሆናል፣ ወይም በውኃው ይበሰብሳል። ያን ሁሉ ዓመት ስሸሸው የኖርኩትን ብርድ ለአንድ መደብ ብቻ በልመና ባመጣው ብዬ ተመኝቻለሁ።

ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን እናቴ ትልካለች። በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ ከረጢት በሰው ይመጣል፤ እኔም በዚያው ሰው ኮረሪማ፣ ቡናና አቮካዶ እመልሳለሁ። ኮረሪማውን ለጎረቤት ሁሉ አዳርሳዋለች። አቮካዶው ግን ደብረ ብርሃን ሲደርስ በብርዱ አልበስል ስላላት፣ በዚያች በአሮጌ ጋቢዋ ጠቅልላ ምድጃ ጥግ ታስቀምጠዋለች።