92 ዲግሪ

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ከአንዲት ተማሪዬ ላይ ሁለት ነጥብ ቀነስኩ። ሙከራው ቀላል ነበር፤ ውኃ እያፈሉ የሙቀት መጠኑን በየደቂቃው መመዝገብ። ልጅቷ በሠንጠረዧ የመጨረሻ ረድፎች ላይ 92፣ 92፣ 92 ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩትና ከጎኑ 100 ብዬ ጻፍኩ፤ «መጽሐፉን አንብቢ» የሚል ማሳሰቢያም አከልኩበት። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጦሳ ተራራ ሥር የተጣደ ውኃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውኃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበት አልፌያለሁ። እናቴ ደግሞ ኬሚስትሪ ሳትማር ባቄላው አልበስል ባላት ቁጥር «የደሴ ውኃ ይፈላል እንጂ አያበስልም» ስትል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ቀይ እስክሪብቶ ስይዝ ግን ሁሉም ከአእምሮዬ ጠፋ። ያቺ ልጅ ቴርሞሜትሩን አነበበች፤ የቀሩት የክፍሏ ልጆች መጽሐፉን ገለበጡ። ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት ለገለበጡት ነው።

ስሕተቴ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እሷ በዚያን ጊዜ ትምህርቷን ጨርሳ ሄዳለች። ባገኛትና ይቅርታ ብጠይቃት ደስ ይለኛል፤ የት እንዳለች ግን አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የላብራቶሪ ሪፖርት ሳርም እጠራጠራለሁ። ሪፖርቱ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ዓላማ፣ መሣሪያ፣ አሠራር፣ ውጤት፣ ማጠቃለያ፤ ርእሱ በቀይ፣ መስመሩ በማስመሪያ። አንድ ጊዜ ኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሲድ እንዲለኩ አዘዝኳቸው። ጠርሙሱ 5 በመቶ ይላል። አሥር እጥፍ አቅጥነን ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር ብንወስድ፣ አሲዱን ለማምከን 0.1 ሞላር የሆነ (ሞላር የፈሳሽ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 8.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ሃያ አራት ሪፖርት ቀረበልኝ፤ ሃያ አራቱም ላይ 8.3። እውነተኛ ልኬት እንዲህ አይስማማም። አንዱ ሲያነብ ይሳሳታል፣ አንዱ ጠብታ ያሳልፋል፣ አንዷ ብልቃጧን በደንብ አላጠበችም። ሃያ አራት ልጅ አንድ ቁጥር ላይ ከተገናኘ፣ የለካው አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ምናልባት አንድም የለም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት መስከረም ከፒያሳ ጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አንድ ወፍራም የሂሳብ መዝገብ ገዛሁ። የስልሳ ሁለት ተማሪዎቼን ስም በግራ በኩል ጻፍኩ፤ በአናቱ ላይ እጅ የሚሠራቸውን ነገሮች ደረደርኩ፦ ቴርሞሜትር ማንበብ፣ በፒፔት፣ ማለትም ፈሳሽ እየሳበ በሚለካ ቀጭን ቱቦ መቅዳት፣ ቢዩሬት ማዘጋጀት፣ አሲድን ወደ ውኃ እንጂ ውኃን ወደ አሲድ አለመጨመር፣ የአልኮል መብራት ለኩሶ በክዳኑ ማጥፋት። ሲሠራ ያየ ባዶ ክብ ያገኛል። በእገዛ የሠራ ግማሹ የጠቆረ ክብ፣ ብቻውን የሠራ ሙሉ ጥቁር ክብ። ተማሪዎቼ መዝገቡን «ዶሴው» ብለው ሰየሙት። ለሃምሳ ወረቀት ነጥብ ከመስጠት የአምስት ልጆችን እጅ በደንብ ማየት ይሻላል ብዬ በአንድ ክፍለ ጊዜ የማየው አምስት ብቻ ነው። ክፍሉን አንድ ዙር ለመጨረስ ከሦስት ወር በላይ ፈጀብኝ።

ሙያ በልብ ነው ይላል አባባሉ። ልብ ለማየት የሚያስችል መሣሪያ የለኝም፤ እጅ ግን ይታያል።

ቢዩሬትን እዩት። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ከታች መክፈቻ ያለው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው። ላብራቶሪያችን ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ሲከፈት ከነበሩን ቢዩሬቶች የተረፉት ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ እንደ ዓይናችን ብሌን እንጠብቃቸዋለን። አንድ ልጅ ሲሠራበት ብዙ ነገር ይታያል። መጀመሪያ በውኃ አጥቦ፣ ቀጥሎ በራሱ በሚለካው ፈሳሽ ያለቀልቀዋል ወይስ ውኃ እንዳረገዘ ይሞላዋል? ከመክፈቻው በታች የተደበቀችውን የአየር አረፋ ያስወጣል? አረፋዋ ሥራው መሐል ከወጣች ቦታዋን የሚሞላው ፈሳሽ ብልቃጡ ውስጥ የገባ ያህል ይቆጠራል። ፈሳሹን የሞላበትን ማንቆርቆሪያ (ፈነል) ከላይ ያነሣል ወይስ ረስቶት ኋላ ጠብታ ይጨምርበታል? መጨረሻ ላይ ቀለሙን ለውጦ አሲዱ ማለቁን የሚጠቁመው ፊኖልፍታሊን ፈዛዛ ሮዝ ሲሆን ይቆማል ወይስ እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ደምቆ እስኪታይ ይቀጥላል? ከዚህ አንዱም ሪፖርት ላይ አይጻፍም።

በፈተና ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ቢዩሬቱን አንብቦ 9.7 አለኝ። ቀረብ ብዬ ሳይ 8.3 ነው። የቢዩሬት ዜሮ ከላይ ነው፣ ቁጥሩም ወደ ታች ይጨምራል። እሱ እንደለመደው መለኪያ ሲሊንደር ከ9 ተነሥቶ ወደ ላይ ሰባት መስመር ቆጠረ። ይህ ልጅ የሞላሪቲ ስሌት ሰጥታችሁት እስክሪብቶ ሳያነሣ በቃሉ ይሠራዋል። ቢዩሬት በእጁ ነክቶ ግን አያውቅም። አልወቀስኩትም፤ ማን አስነካው?

በጣም ያሳፈረኝ ግን በሁለተኛው ወር ዶሴውን ስገልጥ ያየሁት ነው። ባዶ ክቦቹ እንደ ተዘራ እህል መስመር ይዘው ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ የሴቶች ስም ላይ። ቡድን ሲሠሩ ልማድ አለ፤ መሣሪያውን ወንዱ ይይዛል፣ ሴቷ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ተብላ ጸሐፊ ትሆናለች። ከሠላሳ አንዱ ሴት ልጆች አሥራ ዘጠኙ በሁለት ወር ውስጥ ከእስክሪብቶ በስተቀር ምንም አልነኩም። እኔ ራሴ ሴት ሆኜ፣ እዚያው ቆሜ፣ ሳላየው ስንት ዓመት አለፈ? በማግሥቱ ደንብ አወጣሁ፤ ባለፈው ሳምንት የጻፈ በዚህ ሳምንት እስክሪብቶ አይነካም። የወንዶቹ ሪፖርት ለማንበብ አጉሊ መነጽር የሚያስፈልገው ሆነ። ይሁን።

ዶሴውም ችግር አላጣውም። ይዤው ስቀርብ የልጆቹ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አንዷ ደንግጣ ፒፔት ሰበረች፤ ልታለቅስ ስትል እኔ ቀድሜያት ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ መዝገቡን መምህራን ማረፊያ ትቼው መምጣት ጀመርኩ፤ ያየሁትን በቃሌ ይዤ ሻይ ሰዓት ላይ ልጽፍ። ሻዩ ሳይቀርብ ግማሹን እረሳዋለሁ። ያዳኑኝ የላብራቶሪ ባለሙያችን ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው። የዕቃ ክፍላቸው መስኮት ወደ ጠረጴዛዎቹ ስለሚያሳይ ከእኔ የተሻለ ያያሉ፤ ልጆቹም እሳቸውን አይፈሩም።

«ልጄ፣ ያቺ ባለ ጥቁር ሻርፗ ማንቆርቆሪያውን ሳይነገራት አነሣች» ይሉኛል።

«ሙሉ ክብ ልስጣት፣ ጋሼ?»

«አረፋውን ረስታለች። ግማሽ ስጫት።»

ከእኔ ይልቅ እሳቸው ነጥብ ላይ ጠንካራ ናቸው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሲሰማ ይስቃል። «ፈተናው ምርጫ ነው፤ ቢዩሬት ይዘሽ ግቢ የሚል የለም» ይለኛል። ሐሳቡን አልንቀውም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው ስንት ምዕራፍ እንደተሸፈነ ነው። እኔም ምዕራፍ እሸፍናለሁ፣ የቅዳሜ ማጠናከሪያም አስተምራለሁ። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች መካከል ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ ካለው የቴክኖሎጂ ግቢው የሚገባ ይኖራል፤ አንዷ ነገ የመድኃኒት መጠን ትለካ ይሆናል። 9.7 እና 8.3 እዚያ ቀልድ አይደሉም።

ዘንድሮ ያንን የውኃ ማፍላት ሙከራ ደገምኩት። ምንም ቁጥር አስቀድሜ አልነገርኩም። መጽሐፉንም ቦርሳ ውስጥ አስከተትኩ። ውጤታቸው 91፣ 92፣ 92፣ 91.5 ሆኖ ሰሌዳው ላይ ተደረደረ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ «ለምን 100 አልሆነም?» አልኩ። ብዙዎቹ ዝም አሉ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ዶሴው ላይ ለረጅም ጊዜ ባዶ ክብ የነበረች ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ቢሆንስ?»

የከፍታውን ነገር ለመተንተን አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። ከእኔ መልስ የእሷ ጥያቄ ይበልጣል። በማግሥቱ ከጭማቂ ቤት በላስቲክ በረዶ ይዛ መጣች። የሚቀልጥ በረዶ ደሴም ሆነ ባሕር ዳርቻ 0 ዲግሪ ነው፤ ከፍታ ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አያመጣበትም። ቴርሞሜትሮቹን አንድ በአንድ ነከርናቸው። ሦስቱ 0 ላይ ቆሙ፣ አራተኛው 1 ላይ። አራተኛውን ባለሙያው ወስደው አንገቱ ላይ ፕላስተር ጠቀለሉበትና «ይህ ውሸታም ነው» ብለው ጻፉበት። ከፍታውን የተነጋገርነው ከዚያ በኋላ ነው። «እንግዲያውስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ብናፈላው ይጨምራል?» አለች ያቺው ልጅ።

ለዐረፋ አክስቷ ዘንድ ኮምቦልቻ ስትሄድ ከእውነተኞቹ ሦስት ቴርሞሜትሮች አንዱን አስፈርሜ ሰጠኋት፤ ምግብ ወይም ቡና ውስጥ እንዳትነክረው አስጠንቅቄ። በበዓሉ ማግሥት ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ። አክስቷ «ድስቴን በዚህ አላስነካም» ስላሏት ውኃውን ያፈላችው በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው። ከሰሉ፣ ቆርቆሮው፣ በሽቦ የታሰረው ቴርሞሜትር፤ ቀዩ መስመር 94 ላይ። ከሥሩ «ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ አንዱ 93.5 ነው፣ እሱንም ጽፌዋለሁ» ይላል።