ላዩ የበሰለ፣ ውስጡ ጥሬ

የብር ጌጥ ሥራ ከማስተምራቸው ሰዎች አንዷ የሆኑ እናት በሥራ ክፍሌ በር ቀስ ብለው ገብተው በመሀረብ የቋጠሩትን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ሲፈቱት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት በእጄ አገላብጬ «በጣም ያምራል» ብዬ የመለስኩላቸው የብር ጌጥ ተሰብሮ አየሁት። ጌጡ ሞላላ ሲሆን በመካከሉ የልጅ ልጃቸው የአውራ ጣት አሻራ ታትሞበታል። አሻራውን የወሰድነው ሕፃኑ ገና የ6 ወር ልጅ ሳለ ነበር፤ እናቱ አቅፋ እዚሁ ክፍል ድረስ አምጥታው ጣቱን እንደ ሊጥ በለሰለሰው እርጥብ ብር ላይ ቀስ አድርገን ተጫንነው። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሩቅ አገር ሄዷል፤ ልጁም አድጓል፤ ያ ጣት ያን ያህል ትንሽ ሆኖ ዳግም አይገኝም። እኚህ እናት ከሰልጣኞቼ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ በትዕግሥታቸውም የምደነቅባቸው ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ሐብሉን ላጠልቅ ስል እጄ ላይ ለሁለት ሆነ፤ አጥብቄ ይዤው ይሆን?» አሉኝ። «እርስዎ አላጠፉም እናቴ፤ ብር እንዲህ በጣት ጉልበት አይሰበርም» ብዬ መለስኩላቸው። የተናገርኩት እውነት ቢሆንም፣ ታዲያ ይኼኛው ለምን እንደተሰበረ በዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር።

የምንሠራበትን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። ሜታል ክሌይ፣ ከሰልጣኞቼ ጋር «የብር ጭቃ» እያልን የምንጠራው፣ እጅግ የደቀቀ የብር ዱቄት ከውኃና በእሳት ነድዶ ከሚጠፋ ማያያዣ ጋር ተለውሶ የሚዘጋጅ ሊጥ መሰል ነገር ነው። እንደ ሊጥ ይዳመጣል፣ በቢላ ይቆረጣል፣ ቅጠልም ሆነ ጨርቅ ቢጫኑበት መልኩን ይይዛል፤ ሲደርቅ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ እሳት ሲገባ ማያያዣው ነድዶ ይወጣና ንጹሕ ብር ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ሚትሱቢሺ ማቴሪያልስ ያወጣው የመጀመሪያው ዓይነት በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ሰዓት በምድጃ ውስጥ መቆየት የሚፈልግ፣ ከመጠኑም ከሩብ በላይ የሚያንስ ነበር። ቆየት ብለው የመጡት ዓይነቶች ግን የሚያንሱት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ብቻ ነው፤ ትንንሽ ሥራዎችም ከሆኑ ምድጃ ሳያስፈልግ በእጅ በሚያዝ የጋዝ ነበልባል በደቂቃዎች ውስጥ ይበስላሉ። ምድጃ መግዛት የማይችል ሰው ሁሉ ብር እንዲሠራ በር የከፈተው ይህ ነውና በጣም እወደዋለሁ። ስሕተቴም የገባው በዚሁ በር ነው።

የተሰበረውን ጌጥ በማጉያ መነጽር ስመለከተው ላዩና ውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መስለው ታዩኝ። ላዩ በናስ ሽቦ ብሩሽ ተቦርሾ፣ በብረት ማለስለሻ ታሽቶ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ስብራቱ ግን የኖራ ቁራጭ ፊት ይመስል ነጣ ያለ፣ ሻካራ፣ ቅንጣት ቅንጣቱ የሚለይ ነው። በሚገባ የበሰለ ብር ስብራቱ እንዲህ አይሆንም፤ እንዲያውም ከመሰበሩ በፊት ይተጣጠፋል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርጥበትን ነበር፤ ሳይደርቅ እሳት የገባ ሥራ ውስጡ የቀረው ውኃ ተንፎ ያሳብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። ይሁንና ሁሉም ሰው ሥራውን ሞቅ አድርጎ በመስተዋት ላይ በማስቀመጥ መስተዋቱ ጉም አለመያዙን ካላረጋገጠ እሳት እንዲያቀርብ አልፈቅድም፤ ጌጡም እብጠት አልነበረበትም። ቀጥሎ ብሩን አሉሚኒየም ነክቶት እንደሆነ አሰብኩ፤ አሉሚኒየም የብር ጭቃን የሚበክል ነገር በመሆኑ ከጠረጴዛዬ ካራቅኩት ግን ዓመታት አልፈዋል። የጌጡ ውፍረትም ችግር አልነበረበትም፤ በአምስት የተደራረቡ የመጫወቻ ካርታዎች ውፍረት ልክ የተዳመጠ ነበር።

መልሱን የሰጠኝ አንድ ተራ ወረቀት ነው። ሰልጣኞቼ ሥራቸው ከደረቀ በኋላ ዙሪያውን በእርሳስ ማስታወሻቸው ላይ እንዲነድፉ አደርግ ነበር፤ ዓላማው ብር ምን ያህል እንደሚያንስ በዓይናቸው አይተው እንዲደነቁ ብቻ ነበር። እኚህ እናትም ማስታወሻቸውን ይዘው መጥተው ስለነበር ሁለቱን ስባሪዎች ገጥመን ንድፉ ላይ አስቀመጥናቸው። ንድፉ 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ ጌጡ ደግሞ 24። ያ የብር ዓይነት በሚገባ ሲበስል ወደ 22 ሚሊ ሜትር መውረድ ነበረበት። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን እኛ ከዚያ በታች ባለ ሙቀት ስናቆየው ቅንጣቶቹ ሳይቀልጡ በሚነካኩበት ቦታ ይጣበቃሉ፣ መጣበቂያቸው እየወፈረ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እየጠበበ ይሄዳል፤ ሥራው የሚያንሰውም ክፍተቱ ስለሚዘጋ ነው። ሳያንስ የቀረ ሥራ ክፍተቱ አልተዘጋም ማለት ነው። በብሩሽና በማለስለሻ ያሸነው የላዩን ቅንጣት ብቻ አስተኝተን አብረቅርቆ እንዲታይ አደረግነው እንጂ፣ ውስጡ ገና ጥሬ ነበር። ያንን ወረቀት በዚያው ዕለት፣ ብሩሽ ሳይነካው በፊት፣ ከጌጡ ጋር አመሳክሬው ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ነገር ይነግረኝ ነበር።

ለምን አልበሰለም የሚለው ጥያቄ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ። በነበልባል ስናበስል የምንመራው በቀለም ነው፤ መጀመሪያ ማያያዣው በትንሽ ነበልባልና በጭስ ይነድዳል፣ ሥራው ይነጣል፣ ከዚያም ብርቱካንማ ፍም ይመስላል፤ ፍሙ ከታየ በኋላ ነበልባሉን እያዟዟሩ ያንኑ ቀለም ሳይለቅ ቢያንስ ለ2 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ይህንን ለስንት ሰልጣኝ እንዳስተማርኩ ቁጥሩን አላስታውስም። በዚያ ዙር ግን አንድ ነገር ለውጬ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩ ሰልጣኞች «ፍሙ አይታየንም» እያሉ ስለሚጨነቁና አንዳንዶቹም ሳያውቁት ብሩን ስላቀለጡት፣ ለእነዚህኛዎቹ ይቅለላቸው ብዬ መጋረጃውን ጋርጄ መብራቱን አጠፋሁላቸው። ሁሉም ፍሙን ወዲያው አዩት። ደስ ብሎኝም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከዚያው የብር ዓይነት እኩል ስፋትና ውፍረት ያላቸው ስምንት ቀጫጭን ቁራጮች ሠርቼ አደረቅኩ። አራቱን መጋረጃው ተከፍቶ፣ አራቱን በጨለማው ክፍል አበሰልኩ፤ ሁሉንም ፍሙ ለዓይኔ ከታየበት ቅጽበት ጀምሮ እኩል ጊዜ ያዝኳቸው። ከዚያ እያንዳንዱን በፒንሳ ይዤ አጠፍኩት። በቀን ብርሃን የበሰሉት አራቱም ታጥፈው ጫፍና ጫፋቸው ሊገናኝ ሲቃረብ እንኳ አልተሰነጠቁም። በጨለማው ከበሰሉት ሦስቱ ገና መታጠፍ ሲጀምሩ እንደ ደረቅ ብስኩት ቀጭ አሉ፤ አራተኛው ትንሽ ታግሦ ተሰበረ። ማንኛውም ጠጣር ነገር ሲሞቅ በጨለማ ውስጥ ለዓይን በሚታይ ቀይ ፍም መብራት የሚጀምረው በ525 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በጠራራ ብርሃን ግን ያው ፍም ለዓይን የሚገለጠው ሙቀቱ እጅግ ከፍ ሲል ነው። እኔ «ፍሙን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ» ስል ቁጥሩ የሚጀመርበትን ሙቀት የሚወስነው የመስኮቱ መጋረጃ ነበር። ያን የመሰለ ቀላል ነገር በዚህ ሁሉ ዓመት ሳላስተውለው መቅረቴ አሁንም ይከነክነኛል፤ ሰው በእጁ ተማምኖ እንዲሠራ የማስተምር ሆኜ ሳለሁ፣ በዓይኔ ላይ ያለኝን እምነት አንድም ቀን ፈትኜው አላውቅም ነበር።

የዚያን ዙር ሰልጣኞች ሁሉ፣ አምስቱንም፣ በየተራ ደውዬ ያጋጠመውን ነገርኳቸውና ሥራዎቻቸውን እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። አንዷ «የእኔ እኮ ምንም አልሆነም፤ በየቀኑ አደርገዋለሁ» ብላ ተከራክራኝ ነበር፤ ቀለበቷን ከንድፉ ጋር ስናመሳክረው ግን እሱም በበቂ ሁኔታ አላነሰም። በጣም የከበደኝ ይህችኛዋ ሰልጣኝ ናት፤ ምክንያቱም ቀለበቱን እንደገና ሳበስለው እንደሚያንስና ለጣቷ ሊጠብባት እንደሚችል አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ቀለበት ስንሠራ ማነሱን ታሳቢ አድርገን ከጣቱ ልክ ሁለት ሦስት ቁጥር አስፍተን እንጀምራለንና፣ ልኩ ላይ የሚያርፈው በሚገባ ሲበስል ብቻ ነው። የእሷ ቀለበት ሰፋ ብሎ ቀርቶ ስለነበር በመካከለኛ ጣቷ ታደርገው ነበር፤ በምድጃ ከበሰለ በኋላ መጀመሪያ ለታሰበለት ጣት ልክ ሆነላት።

የአሻራውን ጌጥ ለመጨረሻ አቆየሁት። ያልበሰለ ብር አንድ መልካም ነገር አለው፤ ጥሬነቱ የማይመለስ ጉዳት አይደለም፤ በቂ ሙቀትና ጊዜ ሲያገኝ ካቆመበት ይቀጥላል። እኚህ እናት ከጎኔ ተቀምጠው ሳለ ጌጡን አስቀድሜ አጥቤ፣ በክፍተቶቹ የገባው ውኃ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ሞቅ ባለ ቦታ ለረጅም ሰዓት አደረቅኩት። ከዚያም የብር ጭቃውን በውኃ አቅጥነን ያዘጋጀነውን ሙጫ መሰል ልቁጥ በሁለቱ የስብራት ፊቶች ላይ ቀብተን ገጠምናቸው። ብሩሹን የያዙት እሳቸው ነበሩ፤ «እኔ የሠራሁት ነው፣ እኔው ልጠግነው» አሉኝ፤ እጃቸው ከእኔ ይልቅ የተረጋጋ ነበር። ልቁጡ ሲደርቅ ትርፉን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለን፣ አሻራው ላይ ግን ምንም እንዳይነካ ተጠንቅቀን፣ በኤሌክትሪክ ምድጃው ውስጥ እሳት በሚቋቋም ሰሌዳ ላይ አስቀመጥነው። ድንጋይ የሌለበት ንጹሕ ብር ስለነበር ከሁሉ የጠነከረውን መንገድ መረጥኩ፤ 900 ዲግሪ፣ 2 ሰዓት። ምድጃው እስኪበርድ ድረስ ስለ ልጁ ሲያጫውቱኝ ቆዩ።

ጌጡ ሲወጣ እንደማንኛውም ከእሳት እንደወጣ የብር ጭቃ ነጭ ነበር። ብሩሽ ከመንካታችን በፊት ማስታወሻቸውን ዘርግተን ንድፉ ላይ አኖርነው፤ ከ22 ሚሊ ሜትር ጥቂት ጸጉር የምታህል ብቻ ይበልጥ ነበር። አሻራውም አብሮ አንሶ መስመሮቹ ይበልጥ ተቀራርበውና ጠርተው ይታዩ ነበር። መጋጠሚያው ላይ በማጉያ መነጽር ብቻ የሚታይ ቀጭን መስመር ቀርቷል፤ ላጠፋው ፈልጌ ነበር፣ እሳቸው ግን «ይቅር፣ ይኑር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን የምጀምርበት ቅደም ተከተል ተለውጧል። የክፍሉ መጋረጃ የሚከፈተውም ሆነ የሚዘጋው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ነው፤ ሰልጣኙም ከጌጡ ጋር ከአንድ ጭቃ፣ በአንድ ውፍረት የተዳመጠ ምስክር ቁራጭ አብሮ ያበስላል። ጌጡ ከመቦረሹ በፊት ንድፉ ላይ ይለካል፣ ምስክሩ ደግሞ ይታጠፋል፤ ምስክሩ ከተሰነጠቀ ጌጡ ወደ እሳት ይመለሳል። አንገት ላይ ወይም ጣት ላይ በየቀኑ የሚውል ሥራ ከሆነ ነበልባሉን ለልምምድ ብቻ አድርጌ በምድጃ እንዲበስል አስገድዳለሁ። አንዳንድ ሰልጣኞች ባጠፉት ቁራጭ ያዝናሉ፤ ብር ውድ ነገር ነውና አልፈርድባቸውም፤ ቁራጩን ግን አቅልጠን ለሌላ ሥራ እናውለዋለን።

እኚያ እናት በሚቀጥለው ዙርም ተመዝግበው መጡ። ለሁለተኛዋ የልጅ ልጃቸው ሌላ ጌጥ ሊሠሩ ነበር። የመጀመሪያውን ዕለት ሁሉም ሰው ምስክሩን ይዞ ማጠፍ ሲፈራ እሳቸው ቀድመው ፒንሳውን አነሱ፤ ቁራጩን ጫፍ ለጫፍ እስኪገናኝ አጠፉት፤ ምንም አለመሰንጠቁን በጣታቸው ዳበሱና ከጎናቸው ለተቀመጠችው ወጣት አቀበሏት።