አንዴ ከዘለልክ

ደሴ፣ ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ዛሬ ጉሙ ከጦሳ ተራራ የወረደው ገና በአሥር ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ሲሆን መጀመሪያ የጎረቤታችን ቆርቆሮ ጠፋ፣ ቀጥሎ አጥሩ፣ ቀጥሎ እኛው ግቢ ያለው ባሕር ዛፍ። ውጭ ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ያጮኻሉ። እነሱ አይታዩም፤ ከጉሙ ውስጥ ጧ! የሚለው ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው። የእህቴ ልጅ ስላሳለው እናቱ እንዳይወጣ ከልክላዋለች፤ ጅራፉን በሩ ኋላ ሰቅሎ እኔ ጋ ተቀምጧል። ቴሌቪዥን ላይ የምትሰካ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ የጌም ዕቃ አለችው፤ የድሮ ጌሞች ታጭቀውባታል። ዝርዝሩን ሲያገላብጥ አንድ ስም በዓይኔ ሥር እልፍ አለ።

«ቆይ፣ ተመለስ» አልኩት።

ካስልቬኒያ። እኛ በስሙ ጠርተነው አናውቅም። «ጅራፉ» ነበር የምንለው።

ጌም ቤቷ ሙጋድ አካባቢ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጎን ነበረች፤ 1980ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ብርሃን እንዳይገባ በሩ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ። ሃምሳ ሳንቲም ትከፍላለህ፣ ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል፣ ነፍስህ ሲያልቅ ትነሳለህ። ባለቤቱ ካሴቷን ከመሰካቱ በፊት አፏን እፍ ይልባታል፤ ካልሠራች አውጥቶ በሸሚዙ ጠርዝ ይጠርጋትና ደግሞ እፍ ይላል። ልጁ ሁሉ ኮንትራና ማሪዮ ላይ ይሻማል። እኔና አብሮ አደጌ ግን ጥግ ያለችዋን ቴሌቪዥን እንጠብቃለን። የዚያች ጆይስቲክ የመምቻ ቁልፍ ከመጫን ብዛት ጎድጉዶ የአውራ ጣት ቅርጽ ይዞ ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ ጣቴ ጉድጓዱን ይፈልገዋል።

አጀማመሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ደም መጣጩ ድራኩላ ከሚኖርበት አሮጌ ግንብ ደጅ ቆሟል፤ ሲሞን ቤልሞንት ይባላል። በእጁ ጅራፍ አለ፤ በደጁ መብራቶች ይነዳሉ። መብራቱን በጅራፍ ስትመታው ልብ ይወድቅልሃል። ልቡ ግን ጤና አይጨምርም፤ እንደ ጥይት ነው፣ ጩቤ፣ መጥረቢያና መስቀል የምትወረውርበት። ይህን እስክናውቅ ስንት ሃምሳ ሳንቲም እንደበላን! ጅራፉን አይቶ የደሴ ልጅ የማያውቀው ነገር ግን አልነበረም። ሲሞን ሲመታ መጀመሪያ ክንዱን ወደ ኋላ ይስባል፣ ከዚያ ነው ጅራፉ የሚፈታው። በመሳቡና በመምታቱ መካከል አንዲት ቅጽበት አለች። ሜዳ ላይ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ይህችን ቅጽበት በትከሻው ያውቃታል፤ ከቸኮልክ ጅራፉ ዝም ይላል፣ ወይም ዞሮ ጆሮህን ይለበልብሃል።

ጌሙን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ ብል ግን የምጀምረው ከዝላዩ ነው። ማሪዮ አየር ላይ ሳለ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል፤ ወደ ፊት ዘሎ ጉድጓድ ካየ ይመለሳል። ሲሞን እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ወደ ፊት ከዘለለ ወደ ፊት ነው፣ ባለበት ከዘለለ እዚያው ነው የሚያርፈው። እግሩ መሬት ከለቀቀ በኋላ ጆይስቲኩን ብታጣምመው ለውጥ የለም። እዚያው አየር ላይ የሌሊት ወፍ ከነካችው ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ከኋላው ገደል ካለ ጤናው ሙሉ ቢሆንም አበቃ። ጌም ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ይህን እንደ ጉድለት ነበር የሚያወራው፣ «ሰውየው አይታዘዝም» እያለ። ይታዘዛል እንጂ! ያዘዝከውን ያደርጋል፤ የማያደርገው ከዘለልክ በኋላ የተመኘኸውን ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ መቆምን ትለምዳለህ። ወፏ የት ደርሳለች፣ የት ላርፍ ነው፣ ሳርፍ ማን ይጠብቀኛል፤ ይህን ሁሉ እግርህ መሬት ላይ ሳለ ትጨርሰዋለህ።

በዚህ ጌም የሞትኩበትን ምክንያት ሁልጊዜ አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል። እየዘለሉ የሚመጡትን ትንንሽ ጎባጦች ብቻ ነው የማልቀበላቸው። በየት በኩል እንደሚዘሉ የሚያስታውቅ ነገር የላቸውም፤ በልጅነቴም ጠልቻቸዋለሁ፣ ዛሬም እጠላቸዋለሁ። ከእነሱ በቀር ግን ግንቡ ቃሉን ይጠብቃል። ትናንት የሌሊት ወፏ በወጣችበት ቦታ ዛሬም ትወጣለች። ከዓመት በኋላም፣ እነሆ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላም፣ እዚያው ነው የምትጠብቀኝ። ዛሬ መጀመሪያው አዳራሽ ገብቼ እጄ ከዓይኔ ቀድሞ መታት። ልጁ «አጎቴ፣ እንዴት አወቅክ?» አለኝ።

አንድ ነገር ዛሬ ነው ያወቅኩት። ጌሙን የሠራው ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው፤ እዚያ አገር መጀመሪያ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 26 ቀን 1986 ነው። ወደ እኛ ስመልሰው መስከረም 16 ቀን 1979 ሆነ። የደመራ ዕለት! ደጋግሜ ቆጠርኩት። እኔም የ1979 ልጅ ነኝ፤ እናቴ እኔን አርግዛ ደመራ ስታይ፣ የዓለም ሌላ ጫፍ ላይ ያሉ ልጆች መስቀል ወርውሮ የሚመለስለትን ሰው መጫወት ጀምረው ነበር ማለት ነው።

ግንቡ ግንብ ሆኖ የተሰማን ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ታሪኩ ትራንሲልቫኒያ ውስጥ በ1691 እንደሆነ ተደርጎ ነው የተነገረው። እንደ እነሱ አቆጣጠር ያ ዓመት በእኛ አገር የአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን ነው፤ ጎንደርም ግንብ ነበረ። እኛ የደሴ ልጆች የምናውቀው የነገሥታት ቤት ግን አይጠየፍ ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ማንም አይጠየፍም፣ ሁሉም ገብቶ ይበላል። ስለዚህ ለእኛ ትልቅ ቤት ማለት ሰው የሚሞላበት፣ ወጥ የሚሸትበት፣ ጠጅ የሚቀዳበት ቤት ነበር። የድራኩላ ቤት አዳራሹ ያን ያህል ነው፣ መጋረጃው ተቀዳዷል፣ የሚበላም የሚያበላም የለም፣ ሻማው ግን ይነዳል። እኔን ያስፈራኝ አውሬው አልነበረም። ያስፈራኝ ሻማውን ማን እንዳበራው ነው። አንድ ቀን አብሮ አደጌ ሳያስበው ግድግዳውን በጅራፍ ቢመታው ጡቡ ፈርሶ የተጠበሰ ሥጋ ወደቀ። በላው፣ ጤናው ሞላ። ጆይስቲኩን እንደያዘ ዞር ብሎ «ሰው ነበረበታ!» አለኝ፤ ድምፁ ቀንሶ። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ የተነጋገርነው ስለዚያ ሥጋ ብቻ ነበር። ማን ደበቀው? ለማን ብሎ? የሕፃን ጥያቄ ነው፤ ግን ሥዕሉ ከሩቅ ሲያዩት ጥቂት ባለ ቀለም ነጠብጣብ ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስነሳል።

ዜማውስ! የመጀመሪያው አዳራሽ ዜማ እስካሁን ሐረጎን ስወርድ በአፌ ይመጣል፤ ሳምንቱን ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ ሚኒባሷ ኩርባውን በዞረች ቁጥር እሱን አፏጫለሁ። ለዜማው ሁለት ቀጫጭን ድምፅ፣ ከሥር አንድ ወፍራም፣ ከዚያ እንደ ከበሮ የሚንሿሿ ነገር፤ ያላቸው መሣሪያ ይኸው ነው። በዚያች ጥቂት ድምፅ ሰውየውን ወደ ፊት ያራምዱታል፤ ዜማው የሚያስፈራራ አይደለም፣ የሚያደፋፍር ነው። ካቀናበሩት አንዷ ኪኑዮ ያማሺታ የምትባል ሴት ናት፤ ሳቶኤ ቴራሺማም አለችበት። ያማሺታ ገና ከትምህርት ቤት ወጥታ ሥራ መጀመሯ ነበር። ጌሙን ስትጨርስ በሚያልፈው ስም ዝርዝር ላይ ግን ስሟ የለም። ጄምስ ባናና ተብሎ ነው የተጻፈው፤ የሌሎቹም እንዲሁ፣ በድሮ አስፈሪ ፊልምና ታሪክ ሰዎች ስም ላይ የተፈጠረ የቃል ጨዋታ ነው። ይህን ሳውቅ አዘንኩ። ሙጋድ ያለች አንዲት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ልጅ ያፏጨው ዜማ የማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብን።

ኋላ፣ በ1997 እንደ እነሱ አቆጣጠር፣ በፕሌይስቴሽን የመጣውንም ተጫውቻለሁ፤ የድራኩላ ልጅ አሉካርድ ያለበትን። ሥዕሉም ዜማውም እጅግ ያምራል፣ ግንቡ ውስጥ እንደ ልብህ ትዞራለህ፣ አየር ላይም ትታጠፋለህ። የብዙ ሰው ምርጫ እሱ ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው አልለይም።

ከሁሉም የምትከብደው አምስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት መተላለፊያ ናት። ከፊትህ ከባድ የብረት ልብስ የለበሱ ወታደሮች መጥረቢያ ይወረውራሉ፤ መጥረቢያው ሄዶ ይመለሳል። ከፊትም ከኋላም ፀጉራቸው እባብ የሆነ የሜዱሳ ራሶች እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያሉ ይመጣሉ። መተላለፊያዋ ስታልቅ የሚጠብቅህ ማጭድ የያዘው ሞት ራሱ ነው። እዚህ ስንት ክረምት ተቀበረ! መፍትሔውን ያገኘው አብሮ አደጌ ነው። ከሚወረወሩት ነገሮች አንዱ በጠርሙስ ያለ የተባረከ ውኃ ነው፤ እኛ «ጠበሉ» አልነው። አብሮ አደጌ ሙስሊም ነው፣ እሱም ጠበሉ ነበር የሚለው። «ጠበሉን ያዝ፣ መስቀሉን ተወው፣ ወላሂ በጠበል ነው የሚሞተው» ይለኛል። እውነቱን ነው። ጠበሉን እግሩ ሥር ደጋግመህ ከጣልክ ከእሱ የሚነሳው እሳት ሞትን ባለበት ያቆመዋል፤ ማጭዱን ሳያነሳ ይሞታል። ችግሩ ጠበሉን ይዞ እዚያ መድረስ ነው፤ መተላለፊያዋ ላይ ከሞትክ ጠበሉም ያደገው ጅራፍህም ይሄዳሉ። ስለዚህ እኔ እጫወታለሁ፣ እሱ ከኋላዬ ቆሞ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ የራሶቹን አመጣጥ ይቆጥራል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሁን!» «አሁን» ሲል ትከሻዬን ይጫነኛል። ሞትን የገደልን ቀን ባለቤቱ ሳይቀር አጨብጭቦልናል።

አብሮ አደጌ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሄደ። ለእኔም ለእናቱም አልነገረም፤ በባቲ በኩል አድርጎ ወደ አፋር፣ ከጅቡቲዋ ወደብ ከኦቦክ በጀልባ። እናቱ ድምፁን እስክትሰማ ሁለት ወር ደጃፍ ላይ ነበር የምትውለው፤ እኔ አጠገቧ እቀመጥ ነበር፣ የምናወራው አልነበረንም። አሁን ጅዳ ነው፤ ሥራ አለው፣ ለእናቱ ይልካል። በዓልና አረፋ ሲሆን እንደዋወላለን።

ዛሬ ማታ ያችው መተላለፊያ ደረስኩ። ጠበሉ በእጄ ነበር። ልጁ ጉልበቱን አቅፎ ትንፋሹን ውጧል። ሁለተኛውን ወታደር ገድዬ ራስ እስኪያልፍ ቆሜ ሳለሁ መብራት ጠፋ።

ጨለማው ከጉሙ ጋር አንድ ሆነ። ልጁ መጀመሪያ ተናደደ፣ ከዚያ «አሁን ከየት ነው የምንጀምረው?» አለ። ከደጁ፣ አልኩት። ሻማ አበራሁና ስልኬን አንስቼ ጅዳ ደወልኩ፤ ሰዓታችን አንድ ነው፣ እሱም ከሥራ ገብቶ ነበር። «በሰላም ነው? እማ ደህና ናት?» አለ ደንግጦ። ደህና ናት ብዬ የት እንደደረስኩ ነገርኩት። ዝም አለ። የመስመሩ ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል። ከዚያ፣

«ጠበሉን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ። ይዤ ነበር።»

«ስንት ቆጠርክ?»

ረስቼ ነበር። ቆጠራውን ረስቼ በዓይኔ ብቻ ነበር የምሄደው። ነገርኩት። «በዓይን አይሆንም፣ አንተ!» አለኝ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ይል በነበረበት ድምፅ። ከዚያ እዚያው ስልክ ላይ ቆጠረልኝ። ልጁ ስልኩን ተቀብሎኝ እሱም አብሮ ቆጠረ።

መብራት የመጣው ሦስት ሰዓት ሲሆን ነው። ጆይስቲኩን ለልጁ ሰጠሁት። ደጁን አለፈ፣ አዳራሹን አለፈ፣ ከምድር ቤቱ ውኃ ወረደ፤ ዓሣ መሳዮቹ ከውኃው እየዘለሉ የሚወጡበት ቦታ ነው። የመጀመሪያዋን ዘልሎ አየር ላይ ሊመለስ ፈለገና ውኃ ገባ። ሁለተኛም ገባ። «አይመለስም እንዴ?» አለኝ። አይመለስም፣ አልኩት። ሦስተኛው ላይ ጫፉ ላይ ቆመ። ውጭ ጅራፉ አቁሟል፤ የሚሰማው ዜማውና የእሱ ከንፈር ብቻ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣