ሳልጠይቅ ያለፍኩት ጥያቄ

ከታፋ ላይ ቆዳና ሥጋ ከነደም ሥሩ አንሥቼ፣ በዕጢ ምክንያት የተቆረጠ ጉንጭ ላይ መትከል የዘወትር ሥራዬ ነው። የተነሣውን ሥጋ ፍላፕ እንለዋለን። ተቆርጠው ከአንገት ደም ሥሮች ጋር የሚጋጠሙት የፍላፑ ደም ሥሮች ስፋት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ልምድ ባለው ቡድን እጅ ከ100 ፍላፕ ከ95 በላይ ስለሚይዝ፣ ውጤቱን የሚወስነው የእጄ ጥራት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ታካሚዬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች፤ አታጨስም፣ ስኳርም ግፊትም የለባትም። ስፌቱ አምሮልኛል። በማግሥቱ ሌሊት ነርሷ ጠራችኝ። ፍላፑ አብጦ ወደ ሐምራዊ አድልቷል። በጣቴ ተጭኜ ስለቀው ቀለሙ ከልክ በላይ ፈጥኖ ተመለሰ፤ በመርፌ ስነካው ጠቆር ያለ ደም ቶሎ ወጣ። የተዘጋው ደሙን ከፍላፑ የሚያወጣው ደም መልስ ነው። ደም የሚያስገባው ደም ቅዳ ቢሆን ኖሮ ይገረጣ፣ ይቀዘቅዝ ነበር እንጂ እንዲህ አይደማም። ወዲያው ቀዶ ሕክምና ክፍል መለስናት። የረጋውን አውጥቼ ደግሜ ሰፋሁ፤ ዓይኔ እያየ እንደገና ረጋ። ፍላፑን አጣነው።

ጉሮሮዋ ላይ ቱቦ ስላለ መናገር አትችልም። ስለ ቤተሰቧ፣ ስለ ቀድሞ ሕመሟ አንድ በአንድ ስጠይቃት ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፦ «ስወልድ እግሬ ላይ ደም ረግቶብኝ ነበር። ቀድመው ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ማንንም ቀዶ ሕክምና ክፍል ሳላስገባ በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ደም ረግቶብህ ያውቃል? ከቤተሰብስ? ሴቶችን ደግሞ ስለ ተደጋጋሚ የፅንስ መጨንገፍ፤ እሱም ደም የመርጋት ዝንባሌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ብቻውን አያስፈራኝም፤ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው ያለችግር የዳኑልኝ አሉ። አንገቱ ጨረር የተሰጠው ሰው ግን ደም ሥሩ ደርቆ ይጠብቀኛል። ሲጋራን በተመለከተ ተሳስቼ ኖሬአለሁ፤ ከፍላፑ ይልቅ በብዛት የሚጎዳው የቁስሉን መዳን ነው፣ ጠርዙ ይከፈታል፣ ፍላፑ የተነሣበት ቦታ ያመረቅዛል። የተቆረጠ ጣት መልሶ ሲተከል ግን ሲጋራ ምሕረት የለውም። ጊዜ ካለ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብለው እንዲያቆሙ እለምናለሁ፤ ስኳሩንም፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውነትንም በዚያው ጊዜ እናስተካክላለን።

የእሷን ጉንጭ ከደም ሐኪም ጋር ተመካክረን፣ ደም ሥሩ ሳይቆረጥ ከደረቷ በዞረ ሥጋ ሸፈንነው። ይዟል። እንደ ታፋው ግን ስስ አይደለም፤ አፏን በሰፊው ለመክፈት ዛሬም ትቸገራለች።