የግራፊክስ ካርድ ከመግዛትህ በፊት ማን እየሳለ እንደሆነ እይ

ስታዲየም አካባቢ ባነርና ታፔላ የሚሠራ ቤት ነው። ዲዛይነሩ «ኮምፒውተሬ ሞተ» ብሎ ጠራኝ። አልሞተም፤ ግን መስኮት በማውዝ ሲጎትት እየተንቀረፈፈ ይከተለዋል፣ ሲፒዩው (ዋናው አስሊ ቺፕ) መቶ ፐርሰንት ላይ ተሰቅሏል፣ የ3ዲ ስዕል ፕሮግራሙ ብሌንደር ጭራሽ አልከፈት ብሏል። ባለቤቱ አዲስ የግራፊክስ ካርድ ሊገዙ ተዘጋጅተዋል። «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኳቸው።

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የስክሪኑ ስም «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል። በቃ፣ ነገሩ ታወቀ፦ ዊንዶውስ ሲጫን ኢንተርኔት ስላልነበረ የኢንቴሉ የስዕል ቺፕ ድራይቨር (ቺፑን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልገባም።

ፕሮግራም ራሱ ስክሪን ላይ አይስልም። «እዚህ ጋ ሦስት ማዕዘን፣ በዚህ ቀለም» እያለ ኦፕንጂኤል ወይም ዳይሬክትኤክስ በሚባል የስዕል ትእዛዝ ቋንቋ ያዛል፤ ድራይቨሩ ትእዛዙን ቺፑ በሚገባው መልክ ተርጉሞ ያስረክባል። ሳይት ላይ እንዳለ ፎርማን በለው፤ እሱ ከቀረ መሐንዲሱ ራሱ ሲሚንቶ ይሸከማል። እዚህም የተሸከመው ሲፒዩው ነበር። ሸክሙን አስበው፦ 1920 በ1080 ስክሪን፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት፣ አንዱ ምስል ብቻ 8.3 ሜጋባይት ገደማ። በሰከንድ 60 ጊዜ ከተሳለ 500 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ቀለሙን የማስላቱ ሥራ ገና ሳይነሳ።

የብሌንደር እምቢታም ከዚሁ ነው። ዊንዶውስ ያለ ድራይቨር የሚሰጠው ኦፕንጂኤል 1.1ን ሲሆን፣ እዚያ የተጫነው ብሌንደር ቢያንስ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን 3.3ን ይጠይቃል። ድራይቨሩን በስልኬ ኢንተርኔት አውርጄ ጫንኩት፣ ሪስታርት፣ ተከፈተ።

አንድ የታፔላ ፋይል ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል። ታስክ ማናጀር ላይ ጂፒዩው (የስዕሉ ቺፕ) ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ አንድ የሲፒዩ ኮር ብቻ ይቃጠላል። ልጁ በፊደሎቹ ዙሪያ ያሉትን አምፖሎች አንድ በአንድ ለየብቻ ኦብጀክት አድርጓቸዋል። እያንዳንዷ አምፖል የራሷ የስዕል ትእዛዝ አላት፣ ድራይቨሩም እያንዳንዱን ትእዛዝ እያጣራ ነው የሚያሳልፈው። አምፖሎቹን መርጦ በኮንትሮል ጄ ሲያጣብቃቸው ፋይሉ ቀለለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቩልካን፣ እንደ ኦፕንጂኤል ያለ ሌላ የትእዛዝ ቋንቋ፣ ይህን የማጣራት ሥራ አብዛኛውን ከድራይቨሩ አንስቶ ፕሮግራሙን ለሚጽፈው ሰው ሰጥቶታል። ፍጥነት ያመጣል፤ ለጸሐፊው ግን ራስ ምታት ነው።

ከዚያ ወዲህ «ቀርፋፋ ነው» ያለኝን ሁሉ መጀመሪያ የድራይቨሩን ስም አስነብበዋለሁ፣ ቀጥሎ ከሲፒዩና ከጂፒዩ የትኛው እንደደከመ አያለሁ። ካርድ ግዙ የምለው ድራይቨሩ በትክክል ገብቶ ጂፒዩው መቶ ላይ ሲቆም ነው።