የድሬን የባቡር ጥገና ሠራተኞች ሕይወት ስቀዳ

የመጀመሪያው ቅጂዬ አልተሳካም። "አባባ፣ እስቲ ስለ ሥራ ሕይወትዎ ይንገሩኝ" ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሰውየው ሰማንያን ያለፉ፣ የጉልበት ዕድሜያቸውን በሙሉ በድሬዳዋ የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ቶርኖ (ብረት መላጫ ማሽን) ላይ ቆመው ያሳለፉ ናቸው። ትንሽ አሰቡና "ሠራን፣ ጡረታ ወጣን" አሉኝ። የአርባ ዓመት ሥራ በሦስት ቃል አለቀ። እኔም መጨነቅ ጀመርኩና ጥያቄ ላይ ጥያቄ ደረደርኩ፤ እሳቸውም ትሕትና ስለሆነባቸው "አዎ፣ ጥሩ ነበር"፣ "አዎ፣ ሙቀቱ ከባድ ነበር" እያሉ መለሱልኝ። ቤት ገብቼ ሳዳምጠው ደግሞ ከድምፃቸው በላይ የሚሰማው የቬንትሌተሩ ነው።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በአያቴ ምክንያት ነው። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። ለኛ የቀረን አንድ ፎቶና አንድ ካሊብሮ፣ ማለትም ባለ መንጋጋ የብረት መለኪያ ነው። ፎቶው ላይ ስድስት ሰዎች ቱታ ለብሰው ከአንድ ናፍጣ ባቡር ፊት ቆመዋል፤ ከአያቴ በቀር የአንዳቸውንም ስም ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ የለም። ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ከተማይቱ ራሷ የሐዲዱ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው መሥመር በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር መውጣት ተራራው ስለከበደ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬም እዚያው ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ የሚመላለሰው ባቡር ሲታመም የሚታከመው ድሬ ነበር። እኛ ግን ስለ ምኒልክ ፈቃድና ስለ ፈረንሳዮቹ ኩባንያ እንጂ ጎማውን ማን እንዳስተካከለው አናውቅም።

ለሁለተኛው ቀን የአያቴን ካሊብሮ ኪሴ ይዤ ሄድኩ። ሰላምታ ካለቀ በኋላ ምንም ሳልጠይቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አባባ አነሡት። በአውራ ጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት፣ መንጋጋውን ገጠሙት፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ አቅንተው በአንድ ዓይን አዩ። "ብርሃን ያሳልፋል፤ ይሄ ወድቆ ያውቃል" አሉ። መንጋጋዎቹ መሀል የፀጉር ያህል ክፍተት ነበረች፤ ሃያ ዓመት ቤታችን ሲቀመጥ አይተናት አናውቅም። "በዚህ ለክቶ ጎማ ያስተካከለ ሰው ፉርጎ ይጥላል" ብለው ቀጠሉ፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል አላቆሙም።

የነገሩኝ ይህን ነው። ባቡር በጠመዝማዛ መንገድ ሲሄድ፣ ጎማው ከሐዲዱ እንዳይወርድ የሚይዘው የውስጥ ከንፈሩ እየተፋቀ ይሳሳል። ሲሳሳ ጎማውና ጎማውን የያዘው ወፍራም ብረት አንድ ላይ ወርደው ቶርኖ ላይ ይወጣሉ። የሁለቱ ጎማዎች ዙሪያ እኩል ካልሆነ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋልና፣ ከአንዱ የተላጨውን ያህል ከሌላውም መላጨት አለበት። ይህን ሲነግሩኝ መዳፋቸውን ዘርግተው የማይታይ ጎማ ይዳብሱ ነበር። ሜትር ሲሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ገርሞኝ በኋላ በሜትሮ ብለካው ከአንድ ሜትር ያጎደሉት ሁለት ጣት የማይሞላ ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። አባባ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ትንሽ ሰፋ አድርገው ተመለከቱትና "እንግዲህ የኛ ብረት ለዚህ አይሆንም" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ሕይወትዎን ይንገሩኝ" የሚል ነገር ከአፌ አልወጣም። "ጠዋት ስትገቡ መጀመሪያ የምትነኩት ምን ነበር?"፣ "ይሄን መሣሪያ ማን ነው ያሳየዎት?"፣ "ስታበላሹ ምን ይደረግ ነበር?" እያልኩ ነው የምጠይቀው። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይሽኮረመማል፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ያስተምራል፤ እያስተማረ ስለ ራሱ ይናገራል። ስለ አለቃቸው ጥፊ፣ ስለ መጀመሪያ ደመወዛቸው፣ አባታቸው በእንፋሎት ባቡሩ ዘመን ከሰል በአካፋ ሲጨምሩ ዓይናቸውን ስለመታመማቸው የነገሩኝ ሁሉ ከመሣሪያ ተነሥቶ የመጣ ነው።

የቀረጻ ነገር። የምቀዳው በስልክ ነው። ድሬ ላይ ከረፋድ በኋላ ያለ ቬንትሌተር ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የበርጫ ሰዓት ነውና ጨዋታው ቢደምቅም አንዱ የአንዱን ቃል ይቀማል። ስለዚህ ሰዓቴን ወደ ጠዋት አዞርኩ፤ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት። ባጃጅ ከሚያልፍበት ጎን ሳይሆን በጓሮ በኩል እንቀመጣለን፣ ስልኩን የታጠፈ ፎጣ ላይ ከሰውየው ደረት በክንድ ርቀት አስቀምጠዋለሁ። የስልኩን ድምፅ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ከኔትወርክም አወጣዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ጥሪ ገብቶ ቀረጻውን መሀል ላይ ቆርጦብኛል።

ከዚህ የባሰውም ደርሶብኛል። የሦስት ሰዓት ቀረጻ በአንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ብቻ ነበረኝ፤ ካርዱ ተበላሸ። ለአንድ በያጅ ሽማግሌ "እንደገና ይንገሩኝ" ብዬ ስመለስ ያፈርኩት ማፈር አይረሳኝም። አልተቆጡም። በድጋሚ ሲነግሩኝ ግን የመጀመሪያው ላይ ያለቀሱበትን ቦታ ዘለሉት፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። ያ ቦታ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው። አሁን የቀዳሁት ሁሉ በዚያው ቀን በሦስት ቦታ ይቀመጣል፦ እኔ ኮምፒውተር ላይ፣ ሐረር እኅቴ ዘንድ፣ ሦስተኛው ደግሞ በፍላሽ ለባለቤቱ ቤተሰብ።

ዓመተ ምሕረት ሌላው ፈተና ነበር። "መቼ ነው የተቀጠሩት?" ሲባሉ አብዛኞቹ "ያኔ ነዋ፣ በጃንሆይ ጊዜ" ነው የሚሉት። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሁሉም የሚያውቃቸውን ዘመናት በተርታ ጻፍኩ፦ 1966 አብዮቱ፤ ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ደርሶ የተመለሰበት፤ ጥር 1977 የአዋሹ የባቡር አደጋ፤ 1983 የመንግሥት ለውጥ፤ ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰው የወሰደበት። ወረቀቱን መሀላችን ዘርግቼ "ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" ስላቸው ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ልክ ቦታው ላይ ያስቀምጡታል። "ጦርነቱ ሲመጣ የበኩር ልጄ ይድኽ ነበር፣ እኔ ደግሞ ወደ ፍሬን ክፍል ከተዛወርኩ ሁለተኛ ዓመቴ" ያሉኝ ሰው አሉ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

አዋሽ የሚለው ላይ ጣት ሲያርፍ ግን ቤቱ ይቀዘቅዛል። በዚያ አደጋ ከ400 በላይ ሰው ነው ያለቀው። አንድ የእርዳታ ባቡር ላይ ሄጃለሁ ያሉኝ ሽማግሌ ጥቂት ተናገሩና ስልኩን አዩት። አጠፋሁት። ከዚያ የነገሩኝን አልጻፍኩም፣ እዚህም አልጽፈውም። ቀድቼው ቢሆን ኖሮ ከቅጂዎቼ ሁሉ ከባዱ እሱ ይሆን ነበር፤ ባለመቅዳቴ ግን አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ስም አልጠራም ብያለሁና በማስታወሻዬም ላይ የተጻፈው ሙያቸው ነው፦ ባለ ቶርኖው፣ በያጁ፣ ኩሽኔታ (የሚሽከረከር ብረት የሚያርፍበት) አፍሳሹ፣ ጎማ መቺው። ፈቃድ ስጠይቅም አንድ ጊዜ ብቻ አልጠይቅም። ከመቅዳቴ በፊት እጠይቃለሁ፤ ቀረጻውን አሰምቼያቸው ስጨርስ ደግሞ "የሚወጣ ነገር አለ?" እላለሁ። ሁለተኛው ላይ ነው እውነተኛው መልስ የሚመጣው። አንድ ሰው ስለ አለቃቸው የተናገሩትን "እሱ ሞቷል፣ ልጆቹ ግን እዚሁ ናቸው" ብለው አስወጥተውኛል።

ወርክሾፑ ውስጥ ገብቼ ማሽኖቹን እያሳዩኝ ብቀዳቸው ብዬ ደብዳቤ ይዤ ሦስት ወር ተመላልሻለሁ። "ነገ ና" ሲበዛ ተውኩት። በጣም ነው የተናደድኩት፤ ሽማግሌዎቹ ነገን የሚጠብቁበት ዕድሜ ላይ አይደሉም። የሚመለከተው ሰው ይህን ቢያነብ አሁንም አልረፈደም እላለሁ።

ቋንቋ ላይም ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ሁሉንም ሰው በአማርኛ ነው የጠየቅሁት፤ ለኔ ለመጻፍ ስለሚቀለኝ። የፍሬን ክፍል የነበሩት ሽማግሌ ሶማሊ ናቸው፤ በአማርኛ ስጠይቃቸው መልሳቸው ጨዋና አጭር ነበር። አንድ ቀን የድሮ ባልደረባቸው እየተጨዋወትን ሳለ ብቅ አሉና "ወሪያ!" ብለው ገቡ። ሁለቱ በሶማሊኛ ጀመሩት፣ መሀል ላይ ኦሮምኛ ገባ፣ የመሣሪያው ስም ላይ ሲደርሱ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና። ሳቁ፣ ተከራከሩ፣ አንዱ የሌላውን ቃል አረመ። ግማሹን እንኳ አልገባኝም፤ ግን ስልኩ ይቀዳ ነበር፤ በኋላ ጎረቤቴ ቁጭ ብሎ ተረጎመልኝ። ካሉኝ ቅጂዎች የዚያን ያህል ሕይወት ያለው የለም። ከዚያ ወዲህ በተቻለኝ መጠን ሁለት ሁለት አድርጌ፣ በሚቀናቸው ቋንቋ ነው የማስቀምጣቸው።

የቃላት ዝርዝርም የያዝኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ የሚሉትን በየጋራዡ የምንሰማቸው ናቸው፣ ከጣሊያን ነው የመጡት። ለገሃርና ፉርጎ ከፈረንሳይ ናቸው፣ ሐዲድ ደግሞ ከዐረብኛ ብረት ማለት ነው። የድሬ ባቡር ሠራተኛ አንዷን ዓረፍተ ነገር ሲናገር እነዚህ ሁሉ ይገቡበታል።

ወንዶቹን ብቻ መጠየቄንም ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። የአንዱ ባለቤት ቡና እያቀረቡ "እኔንስ አትጠይቀኝም?" አሉኝ። ቱታው ላይ ያለው ግራሶ በሳሙና ስለማይለቅ በነጭ ጋዝ አሽተው፣ በአመድ ፈትገው፣ ከልጆቹ ልብስ ለይተው ያጥቡት እንደነበር ነገሩኝ። "ከሽታው ነው የማውቀው። የተቃጠለ ኩሽኔታ የሸተተኝ ቀን፣ ዛሬ አምሽቶ ነው የሚመጣው፣ ሥራ በዝቷል እላለሁ።" ባላቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰሙት።

አሁን ስለ ጎማ መቺው ልንገራችሁ። ሥራቸው የቆመ ባቡር ዳር ዳሩን እየሄዱ እያንዳንዱን ጎማ በመዶሻ መምታት ነበር። ደኅና ጎማ እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ይታፈናል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጆሮ ይሰማዋል። ስንጥቅ ከተሰማቸው "ይቆረጥ!" ብለው ይጮኻሉ፤ ያ ፉርጎ ከባቡሩ ይለያል ማለት ነው። ሲነግሩኝ በደንብ እንዳልገባኝ አይተው "ሁለት ስኒ አምጪ" አሉ ልጃቸውን። ሁለቱን ስኒዎች ጠረጴዛው ላይ ደፏቸው። "ዓይንህን ጨፍን" አሉኝ። በማንኪያ አንዱን መቱት፣ ከዚያ ሌላውን። ልዩነቱ ለኔ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነው የሰማሁት። ከዚያ ሁለተኛውን ስኒ አንሥተው ሥሩ ላይ ያለችውን ክር የምታክል ስንጥቅ አሳዩኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ዐረፉ። ፍላሹን ለልጃቸው የሰጠሁት ለቅሶ ላይ ነው።

በዐርባቸው ማግሥት አራት የሥራ ባልደረቦቻቸው ባለ ቶርኖው ቤት ተሰበሰቡና "እስቲ ድምፁን አሰማን" አሉኝ። ስለ ስኒዎቹ ምንም አልነገርኳቸውም፤ ዝም ብዬ ከፈትኩት። የልጃቸው እግር ኮቴ፣ ስኒ ሲቀመጥ፣ "ዓይንህን ጨፍን" የሚለው ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማንኪያው አንድ ጊዜ መታ። ሁለተኛውን መታ። ቀረጻው ወደ ሦስተኛው ሳይደርስ ባለ ቶርኖው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እጃቸውን አነሡ።

"ሁለተኛው ይቆረጥ" አሉ።