ዲቴክተር ከመግዛታችሁ በፊት የሣሩን ባለቤት እወቁ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በዲቴክተር፣ ማለትም የተቀበረ ብረት በድምፅ በሚጠቁም ማሽን፣ ብረት ፍለጋ ልጀምር ስል ስለ ማሽኑ የማይመክረኝ ሰው አልነበረም። ይሄኛው ጥልቀት አለው፣ ያኛው ውኃ አይፈራም፣ የዚያኛው ባትሪ ቶሎ ያልቃል። የምቆምበት ሣር የማን እንደሆነ አጣራ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ማሽኑን ቶሎ ልለፈው። ለጀማሪ ጋሬት ወይም ኖክታ ከሚባሉት የዲቴክተር ብራንዶች ርካሹ ይበቃል። ጫፉ ላይ ያለው ክብ ኮይል መሬቱ ውስጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፣ ብረት ሲነካው ይጮኻል። አለቀ። የተረፋችሁን ገንዘብ ብረቱ ጉድጓዱ ውስጥ የቱ ጋ እንዳለ ለሚያሳየው፣ በእጅ ለሚያዘው ትንሽ ዲቴክተር (ፒንፖይንተር) አውጡ፤ ያለ እሱ አንዲት ሳንቲም ለማውጣት የመቃብር ያህል ትቆፍራላችሁ። ሣሩን በሦስት ጎን ብቻ ቁረጡ፣ አራተኛውን ሳትነኩ ገልብጡት፣ አፈሩን ጨርቅ ላይ አድርጉ፣ ስትጨርሱ መልሳችሁ ርገጡት።

የማሽኑ መመሪያ የቆሻሻ ብረት ድምፅ አጥፉ ይላል። አትስሙት። ከድሮ የቢራ ጣሳ ላይ ተስቦ የሚወጣው መክፈቻና የወርቅ ቀለበት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰጡት። አንዱን ዝም ካሰኛችሁት ሌላውም ዝም ይላል።

አሁን ወደተቃጠልኩበት ልምጣ። በሕግ ልሥራ ብዬ አንድ ቢሮ ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ፣ ወደ ሌላ ቢሮ አሻገሩኝ፣ ያኛው ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ «ጉድጓዱን እስከደፈንክ ድረስ ችግር የለውም» አለችኝ። በጽሑፍ ላኪልኝ ስላት ሳቀች።

እሁድ ጠዋት አንዲት ሦስት ማዕዘን መናፈሻ ሄድኩ። ዲሲ እንዲህ ባለ ቦታ የተሞላች ናት። ላንፋንት በ1791 ከተማዋን ሲነድፍ በቀጥታዎቹ መንገዶች ላይ ሰያፍ ጎዳናዎች ስላሰመረ፣ በተገናኙበት ሁሉ ክብና ሦስት ማዕዘን ቁራጭ መሬት ተረፈ። ዛሬ አብዛኛው መናፈሻ ነው።

ጥቂት እንደሠራሁ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ነጠላቸውን እንደለበሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ምንም አልጠፋኝም እማማ፣ ሳንቲም እየፈለግኩ ነው።»

ቦርሳቸውን ከፍተው ሁለት ዶላር ሰጡኝ። እምቢ ብል አልሰሙኝም። የዕለቱ ትልቁ ግኝቴም እሱ ሆነ።

ማሽኑን ወንበሩ ላይ አስደግፌ ቡናዬን ስጠጣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰውዬ መጣ። መሬቱ የፌዴራል ነው አለኝ። አሁን እኮ ቁጭ ብያለሁ አልኩት። «ይዘኸው መገኘትህ ይበቃል።» የሴትዮዋን መልስ ነገርኩት። እሷ የከተማው ሠራተኛ ናት፣ እኔን አይመለከተኝም አለ። መታወቂያዬን መዘገበ፣ ማሽኑን ፎቶ አነሳ፣ ያገኘሁትንም አስረክብ አለኝ። ሁለት የተበሉ ፔኒዎች (የአንድ አንድ ሳንቲም) እና አንድ እፍኝ የጣሳ መክፈቻ! እያንዳንዷን ቆጥሮ ወረቀት ላይ አሰፈራት። ከዚያ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ለቀቀኝ።

በሕጉ በኩል ሰውዬው ትክክል ነው። የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በሚያስተዳድረው መሬት ላይ ዲቴክተር መጠቀም ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም ክልክል ነው፤ ተፈታትቶ ታሽጎ ካልሆነ በቀር። ሮክ ክሪክ፣ ዱፖንት ሰርክል፣ ሎጋን ሰርክል፣ እሁድ እሁድ ከበሮ የሚመታበት ሜሪዲያን ሂል፣ ሁሉም በዚህ ሥር ናቸው። በ1864 ውጊያ የተደረገበት ፎርት ስቲቨንስም እንደዚያው። የድሮ ጥይት አገኛለሁ ብላችሁ እዚያ እንዳትሄዱ። ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን ቅርስ ከፌዴራል መሬት ቆፍሮ መውሰድ በ1979 በወጣ ሕግ ያስከስሳል።

እኔን እስካሁን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። መንገድ ማዶ ያለው ሦስት ማዕዘን የከተማው ሊሆን ይችላል። ሣሩ ያው፣ ወንበሩ ያው። እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ የማን እንደሆነ የሚናገር አንድ ምልክት አልነበረም። ስልክ የምታነሳው ሴትዮ ራሷ ለይታ ሳታውቅ እኔ ከየት አውቄ?

«ለመረጃ ይደውሉ» ቢሏችሁ አትደውሉ። ኢሜይል ጻፉ። ቦታውን ካርታ ላይ አክብባችሁ ላኩና መጀመሪያ ማን እንደሚያስተዳድረው ጠይቁ፤ ፈቃድ ከዚያ በኋላ ይመጣል። መልሱን አትማችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ብትሻገሩም ካውንቲው ሁሉ የየራሱ ደንብ ስላለው ያው ጣጣ ነው። ማሽኑን አገር ቤት ልውሰደው የምትሉም አላችሁ። እዚያም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር አይቻልም።

እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ለጀማሪ ፓርክ አይመከርም። የድሮ ቤት ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጉና ጓሮውን አስፈቅዱ። እስከ 1964 የተሠሩ ዳይምና ኳርተሮች (የ10 እና የ25 ሳንቲም) 90 በመቶ ብር ናቸው፣ የሚደበቁትም እንዲህ ያለ ጓሮ ውስጥ ነው። ከ1982 ወዲህ ያሉት ፔኒዎች ውስጣቸው ዚንክ ስለሆነ አፈር ይበላቸዋል፤ አትድከሙባቸው። ክፍፍሉንም አካፋ ከመሬት ሳይነካ ተነጋገሩ። እኔ ጓሯቸውን ያስፈቀድኳቸው ጋሼ ሳያቅማሙ ነው የወሰኑት፤ «ብር ከሆነ ግማሽ ግማሽ፣ ጣሳ ከሆነ ሁሉም ያንተ።»